የአያ ጅቦ ኬላ

ተረት ተረት። የላም በረት።

እንስሳት ሁሉ በሚናገሩበት፣ በሚነግዱበትና በሚሟገቱበት ዘመን የአገሩ ገንዘብ ጨው ነበር። ጨው የሚወጣው ከአፋር በረሃ፣ ከአርሆ ሜዳ ነው። የግመል ወገኖች በዚያ ሐሩር ከምድር ይፈነቅሉታል፤ ጠርበው አሞሌ ያደርጉታል፤ በመንገድ እንዳይሰበርም በልጥ ያስሩታል። ከዚያ ሲራራ ነጋዴው እየጫነ ገደሉን ወደ ደጋ ይወጣል። አንዱ ሰቆጣ ላይ ይሸጣል፤ አንዱ ጎንደር ይደርሳል፤ የበረታ ደግሞ ዓባይን ይሻገራል።

በዚያ መንገድ አራት ነጋዴዎች አብረው ይጓዙ ነበር። አያ ግመሎ 200 አሞሌ ይጭናል። እመት በቅሎ 120፣ እመት አህያ 80 ይጭናሉ። እመት ፍየል ባሏን ነብር የበላባት፣ ሁለት ግልገሎች ብቻዋን የምታሳድግ ነበረች። እሷ የምትችለው በግራ አምስት፣ በቀኝ አምስት፣ በጠቅላላው 10 አሞሌ ነው።

ገደሉ አፋፍ ላይ ኬላ አለ። የኬላው ሹም አያ ጅቦ ነው። አንድ ቀን ዝንጀሮ ከንጉሡ ዘንድ ተልኮ መጣና ከድንጋይ ላይ ቆሞ አዋጅ ነገረ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጃንሆይ አያ አንበሶ እንዲህ ብለዋል። ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ ዘመድና ባዳ ሳይለይ፣ ኬላውን የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ በነፍስ ወከፍ 5 አሞሌ ይክፈል። ከዚህ አስበልጦ የተቀበለ ሹም ይቀጣል!»

እልል ተባለ። ከዚያ በፊት ቀረጥ የሚጣለው ፊት እየታየ ነበርና። የሹሙ አማች በነጻ ያልፋል፤ ዘመድ የሌለው ግማሽ ጭነቱን ይራገፋል። ዝሆን ሲመጣ በሩ ወለል ይላል፤ ጥንቸል ስትመጣ «ነገ ተመለሺ» ትባላለች። አንበሳው ይህን ማስቀረቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሳነስ አይገባም። እልል ካሉት መካከል ፍየሏም ነበረች።

አያ ጅቦም አዋጁን በታማኝነት ፈጸመ። ከግመል 5፣ ከበቅሎ 5፣ ከአህያ 5፣ ከፍየል 5። አላስበለጠም፣ አላጓደለም፣ ጉቦም አልበላም። ከአራቱ ነጋዴዎች አንድ ጉዞ 20 አሞሌ ለንጉሡ ግምጃ ቤት ይገባል።

ፍየሏ ስድስት ጊዜ ወረደች፤ ስድስት ጊዜ ወጣች። 60 አሞሌ ተሸከመች፤ 30ው ኬላ ቀረ። በተረፋት ለግልገሎቿ የምትገዛው ገብስ ከጉዞ ጉዞ እያነሰ፣ ብድሯ እያደገ ሄደ። ጎረቤት «ፍየል ምን ነካት?» ሲባባል መልስ አላጣም። አንዱ ሰነፍ ናት አለ። ሌላው ዕድሏ ጠማማ ነው አለ። በቅሎ ግን አዘነችላትና «እኅቴ፣ እኔም እኮ 5 ከፍያለሁ» ብላ ልታጽናናት ሞከረች።

ፍየሏ ምን ትበል? ግመል 5፣ እሷ 5። አምስት ከአምስት ጋር እኩል መሆኑን ግልገሎቿ እንኳ ያውቃሉ። ከዚህ ተረት እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ቦታ ነው። መበደሏን ሆዷ ያውቃል፤ አፏ ግን የሚያስረዳበት ሒሳብ የለውም። በደሉን የሚያሳይበት ቁጥር ያጣ ፍጡር ውሎ አድሮ ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ፍየሏም «ምናልባት እውነትም ሰነፍ ሳልሆን አልቀርም» ማለት ጀምራ ነበር።

በሰባተኛው ጉዞ ኬላው ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና ከነጭነቷ ተንበረከከች።

«በሕግ አምላክ!» አለች።

በሕግ አምላክ የተባለ መቆም አለበት፤ ጅብም ቢሆን። አያ ጅቦ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«ምን በደልሁሽ? ከግመል ስንት ወሰድሁ?»

«5።»

«ከበቅሎስ? ከአህያስ?»

«5፣ 5።»

«ካንቺ 6 ጠየቅሁ?»

«አልጠየቁኝም፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ሕጉ የቱ ላይ ተጣሰ?»

ፍየሏ አቀረቀረች። እመት ጦጢት ከኬላው አጠገብ ካለው ሾላ ላይ ሆና ይህን ስታይ ከርማለች። ቀስ ብላ ወረደች።

«ሕጉ አልተጣሰም፣ አያ ጅቦ» አለች። «ግን እዚህ ኬላ ላይ እስከ ዛሬ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ አለ። ፈቃድዎ ከሆነ አራቱም ጭነታቸውን ያራግፉ።»

ከኬላው ፊት ያለው ሜዳ ተጠረገ። አራቱም ቀረጣቸውን ከፈሉ፤ ጦጢትም የእያንዳንዱን አምስት አሞሌ ጎን ለጎን ከፊቱ አስቀመጠች። «አሁን የቀረውን ጭነታችሁን ከነዚህ ከአምስቱ ኋላ እኩል እኩል አድርጋችሁ ደርድሩ» አለቻቸው። ግመል ጀመረ። አንዱን አሞሌ ከሌላው ኋላ እያስተኛ ሄደ፤ ረድፉ ሜዳውን አቋርጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ከፊተኛው ጋር 40 ሆነ። አምስት ረድፍ፣ እያንዳንዱ 40። በቅሎ 24 ላይ ጨረሰች። አህያ 16 ላይ ቆመች። ፍየሏ ከከፈለችው ከእያንዳንዱ አሞሌ ኋላ አንዳንድ አስቀመጠችና እጇ ባዶ ሆነ። የእሷ ረድፍ 2 ነው።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በቅሎ የራሷን ረድፍ ታያለች፤ የፍየሏን ታያለች።

«እንግዲህ» አለች ጦጢት፣ «አንድ አሞሌ ለመክፈል ግመል ከ40 ላይ ያነሣል። በቅሎ ከ24፣ አህያ ከ16 ላይ። ፍየል ከ2 ላይ። ከሁሉም የተወሰደው 5 ነው፣ እውነት ነው። ከስንት ላይ እንደተወሰደ ግን ማንም አልጠየቀም።»

አያ ጅቦ ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን የሚፈጽም ሹም ነበር። ተጨነቀ። «ግምጃ ቤቱ ከናንተ ከአራታችሁ በጉዞ 20 አሞሌ ይጠብቃል» አለ። «ከፍየል ባልወስድ የጎደለውን ከየት አመጣለሁ?»

«ከሁሉም ከ20 አሞሌ 1 ይውሰዱ።»

ጅቡ በጣቱ አፈሩ ላይ ጻፈ። ከግመል 200፣ 10። ከበቅሎ 120፣ 6። ከአህያ 80፣ 4። ከፍየል 10፣ ግማሽ። ደመረው፤ 20 ተኩል ሆነ። አጠፋውና እንደገና ደመረ፤ ያው 20 ተኩል ነው። የንጉሡ ግምጃ ቤት ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ግማሽ አሞሌ አተረፈ። የተሰበረ አሞሌ ገበያ ላይ ስለሚዋረድ ፍየሏ በሁለት ጉዞ አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ አሞሌ እንድትከፍል ተስማሙ። ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደረሰ፤ አንበሳውም አጸደቀው።

ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ንጥጥርና ወደር እያሉ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ለፈተና ሸምድደው ይረሱታል። እኔ ግን አንድ ልጅ መደመርና መቀነስ እንደቻለ ወዲያው ሊማረው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በደል ብዙ ጊዜ የሚመጣው በትክክል ተደምሮ ነው።

አያ ግመሎ ግን አልተዋጠለትም። «ትናንት 5፣ ዛሬ 10! እጥፍ ተጫነብኝ» አለ። ቅሬታው እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ከአርሆ እስከ አፋፉ ያለውን ጥምና ቃጠሎ እንደ እሱ የሚያውቀው የለም። ጦጢትም አልካደችውም። «ከ40 አንድ የነበረው ከ20 አንድ ሆነብህ፤ ልክ ነህ፣ እጥፍ ነው። ግን ከ20 አሞሌ 19ኙ ያንተ ነው። የፍየልም ከ20 አሞሌ 19ኙ የሷ ነው። ይደረግልህ የነበረው ቅናሽ ከማን ኪስ ይወጣ እንደነበረ እዚያ ሜዳ ላይ አይተኸዋል» አለችው።

ግመል ቃል አልተነፈሰም። አንገቱን ነቀነቀና ወደ አርሆ ወረደ። እዚያም ከወገኖቹ ጋር ሲመክር አደረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የጨው ገበያን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በተረቱ አገር አንድ ጠገራ ብር በአርሆ 100 አሞሌ ይገዛል፤ ሰቆጣ ላይ 40፣ ጎንደር 20። ጨው ከመገኛው በራቀ ቁጥር የአንዱ አሞሌ ዋጋ ይወጣል። ይህን እንኳ ተረት ነው ብላችሁ አትለፉት። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ጨው ከሚወጣበት አካባቢ አንድ ድራም ወርቅ ከ100 በላይ አሞሌ ይገዛ ነበር፤ ከገበያ ገበያ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ ንጉሡ ካሉበት ሰፈር ሲደርስ ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ይሆናል። ነጋዴ የኖረው በዚህ ልዩነት ነው። ነጋዴው የሚይዘው ሒሳብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንድ ብር ስንት አሞሌ?

የግመል ወገኖች ያሰቡት እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ 4 አሞሌ ይወጣው ከነበረ ጨው 5 መጥረብ ጀመሩ። ርዝመቱ ያው፣ ልጡ ያው፣ ውፍረቱ ግን ሳሳ ያለ ነው። ቀድሞ 200 ይሆን የነበረው የግመል ጭነት 250 ሆነ። ኬላው ላይ ይህ ምንም አልጠቀመውም። ጅቡ ከ20 አንዱን እያነሣ 12 ተኩል ሲቆጥርበት፣ 12 ተኩል ቀጭን አሞሌ ከ10 ወፍራም ጋር አንድ ነውና የተከፈለው ጨው ያው ሆነ። ገበያ ግን እንደ ኬላው በድርሻ አይሠራም፤ ገበያ በፍሬ ይቆጥራል።

ግመል በአርሆ ለአንድ ጠገራ 100 ይሸጥ የነበረውን 110 አደረገው። ያ ምርቃት መንገዱን ይዞ ወጣ፤ ሰቆጣ ላይ 40 የነበረው 44 ሆነ፣ ጎንደር 20 የነበረው 22። ዝንጀሮ ቅዳሜ ገበያ መካከል ቆሞ ጮኸ። «ስማ! ጨው ረከሰ! ለአንድ ጠገራ 20 የነበረው 22 ሆኗል!» ገበያው በደስታ ተናወጠ። ግመል ተመረቀ። እመት አህያ ደግሞ እንደ ወትሮው 80 አሞሌ ጭና ገደሉን ስትወጣ ጀርባዋ ቀለላት፤ የተጠመቀችው ጠበል እንደሠራላት አምና ለጎረቤቶቿ ሁሉ መሰከረች። ሽማግሌዎችም «እንዲህ ያለ ዘመን አይተን አናውቅም» አሉ።

በጎንደር አንዲት ላም ነበረች። አንድ አሞሌ ከጥጃዋ ጋር እየላሰች 10 ቀን ታቆየው ነበር። አሁን በ8ኛው ቀን ማታ ምላሷ ባዶውን ድንጋይ ነካ። ጥጃዋን ተቆጣች፤ ጥጃው ማለ። ሁለተኛውን አሞሌ አመጣች፣ በ8 ቀን አለቀ። ሦስተኛውም በ8። ላም መጻፍ አታውቅም፤ ምላሷ ግን ሚዛን ነው። ጦጢትን አስጠርታ ነገረቻት።

ጦጢት በግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈች። ድሮ ለአንድ ጠገራ 20 አሞሌ፣ አንዱ አሞሌ ለ10 ቀን። 20 ጊዜ 10፣ የ200 ቀን ጨው ነው። ዛሬ ለአንድ ጠገራ 22 አሞሌ፣ አንዱ አሞሌ ለ8 ቀን። 22 ጊዜ 8፣ የ176 ቀን ጨው ነው። ረከሰ ተብሎ እልል ከተባለለት ከእያንዳንዱ ጠገራ የ24 ቀን ጨው ጠፍቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ የራሱን ገበያ ሳያስታውስ አይቀርም። ዋጋው ሳይነካ ክብደቱ የቀነሰ ዳቦ ሁላችንም በልተናል። በአሮጌው ዋጋ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን የጎደለ ጥቅል ገዝተን እናውቃለን። ጠገራ ብር ግን በየአገሩ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የታመነው እንዲህ ባለመለዋወጡ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ካረፈች በኋላ የትም፣ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ ያረፈችበት የ1780 ቁጥር ይቀረጽበታል፤ ክብደቱም 28 ግራም ሆኖ ይኖራል። አንዱ ብር ከሌላው አንድ ነው። አሞሌው ግን «አንድ» ተብሎ ሲጠራ፣ አንዱ ስንት እንደሆነ የተናገረ አልነበረም።

ላምና ጦጢት ነገሩን ገበያ ላይ ሲያነሡት ተቃውሞ ገጠማቸው። የሚገርመው፣ አብዝቶ የተቆጣው የተጎዳው ገበያተኛ ነው። «22 ከ20 አይበልጥም?» ብለው ጮኹባቸው። ዝንጀሮም «ቁጥር አይዋሽም፤ እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ» አለ። አልዋሸም፣ ቆጥሯል። በረከሰ ጨው የተደሰተ ሰው ደስታውን ማስረከብ ይከብደዋል። ነገሩ ወደ ንጉሡ ችሎት ተመራ።

ችሎቱ ዋርካ ሥር ተሰየመ። ጦጢት ሚዛን እንዲሠራላት ለመነች፤ ቀጥ ያለ እንጨት መሃሉ በጠፍር ተንጠለጠለ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት እንቅብ ታሰረ። ግን ወፍራሙ የድሮ አሞሌ ከየት ይምጣ? በየቤቱ የነበረው ተልሶ አልቋል። ያኔ አያ ጅቦ ከኋላ ተነሣ። «ኬላው ግምጃ ቤት ውስጥ የድሮ ቀረጥ አለኝ» አለ፤ አራት ወፍራም አሞሌም አምጥቶ በአንዱ እንቅብ ላይ አስቀመጠ። በሌላው እንቅብ ላይ ጦጢት ቀጫጭኑን ጨመረች። አራት ሲሆን እንጨቱ ወደ ጅቡ በኩል እንዳዘነበለ ቀረ። አምስተኛውን ስትጨምር ተነሣ፤ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ግመል አልካደም። «ቀረጡ እጥፍ ሲሆንብኝ ያደረግሁት ነው» አለ።

አንበሳው ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ፈረደ።

«ግመል በቀጭን መጥረቡን አልከለክልም፤ ወፍራምም ቀጭንም ጨው ነው። ግን ጎንደር ላይ አንድ ጠገራ 20 ወፍራም ከገዛ ቀጭኑን 25 ይግዛ። በአርሆ 100 ወፍራም ከገዛ ቀጭኑን 125 ይግዛ። በየገበያው፣ በየመንገዱ፣ አራቱ በአምስት ይለወጥ። እስካሁን ጎንደር ላይ በ22 ለተሸጠው ለእያንዳንዱ ጠገራ 3 ቀጭን አሞሌ ለገዢው ይመለስ፤ መክፈያውንም ግመል ለነጋዴዎቹ ይስጥ። ዝንጀሮ ከእንግዲህ የጨው ዋጋ ሲናገር ‹ለአንድ ጠገራ ይህን ያህል› ብሎ አያቁም፤ የአንዱንም አሞሌ ክብደት ይናገር። የማይናገር ከሆነ አዋጅ ነጋሪነቱን ይተው።»

ፍየሏ ወደ ፊት ቀረበች። «ጃንሆይ፣ ሺህ ዓመት ያንግሥዎት። የኔስ?»

«ያንቺ ምንድን ነው?»

«በስድስት ጉዞ 60 አሞሌ በኬላው አሳልፌያለሁ። ከ20 አንድ ቢሆን የሚገባኝ ቀረጥ 3 ነበር። የከፈልሁት 30 ነው። 27 ይመለስልኝ።»

አንበሳው ወደ ጅቡ ዞረ። ጅቡም እጅ ነሥቶ «እውነት ነው፣ ጃንሆይ፤ ይመለስላታል። ነገር ግን ወፍራሙ እያለቀብኝ ነው፤ 27ቱን በቀጭን ብከፍላትስ?» አለ።

የችሎቱ ዓይን ሁሉ ወደ ጦጢት ዞረ። ጦጢት ግን ፍየሏን አየች። ፍየሏ አልቸኮለችም፤ በእግሯ አፈሩ ላይ ጫር ጫር አደረገች።

«በቀጭኑ ከሆነ 27 አይበቃም፣ አያ ጅቦ» አለች። «ለአራቱ አምስት ነው። 33 ከሦስት ሩብ ይደርሰኛል።»

አያ ጅቦ አሞሌ እንዳይሰበር ብሎ 34 ቆጥሮ ሰጣት።